ሁለት መዳፍ፣ አንዲት ፍሬ

ስንዱ አበጋዝ በሕይወት ዘመኗ ከሠራቻቸው የድርጅት ምልክቶች ሁሉ የተዋጣለትን የሠራችው በ2067 ዓ.ም. በየካቲት ወር ነው። አሥራ አንድ ቀን ፈጀባት። በአሥራ ሁለተኛው ቀን ጠዋት ወደ ዓይን ቤት ወሰደችው።

ዓይን ቤት አዳማ ውስጥ ከድሮው ባቡር ጣቢያ ጀርባ ያለ መስኮት የሌለው ረጅም አዳራሽ ነው። አንድ ሺህ ሰዎች ወንበር ወንበራቸው ላይ ተቀምጠው ይጠብቃሉ፤ ጡረተኞች፣ ሥራ ፈላጊዎች፣ የሐኪም ቀጠሮ ኖሯቸው ጊዜ የተረፋቸው። ምልክቱ ለግማሽ ሰከንድ ፊታቸው ላይ ብልጭ ብሎ ይጠፋል። ማንም ምንም አይጠየቅም። የልባቸውን ምት የሚያዳምጠው ወንበሩ ነው። ልባቸው ረገብ ካለ ምልክቱ ጥሩ ነው፤ ከደነገጠ መጥፎ ነው። ከመቶ ሰማንያ ያላገኘ ምልክት በአገሪቱ በየትኛውም ዕቃ ላይ አይታተምም።

በዕቃ ላይ ፊደል መጻፍ ከቀረ ያን ጊዜ ሠላሳ ዓመት ሊሞላው ነው። መጀመሪያ ጽሑፉ አነሰ፤ ቀጥሎ ወደ ጀርባ ዞረ፤ በኋላ የሚያነበው ሲጠፋ ጭራሹን ተወ። ሰው ሱቅ ገብቶ ዘይቱን በክቡ፣ ሳሙናውን በአረፋው፣ መድኃኒቱን በመዳፉ ለይቶ ይወጣል። እያንዳንዱ ዘርፍ የራሱ ቋንቋ አለው፤ ስንዱ ደግሞ ሃያ ዓመት ሙሉ የኖረችው በዚያ ቋንቋ ነው። ባንክ ዛፍ ይፈልጋል፤ ሥሩ ከቅርንጫፉ መብለጥ አለበት። ምግብ ክብ ነው፤ ማዕዘን ያለው ነገር ሰው አፉ አይገባም። መጓጓዣ ወደ ቀኝ ያዘነብላል። መድኃኒት ነጭ ላይ የተዘረጋ አንድ መዳፍ ነው፤ ጣቶቹ መገጣጠም አለባቸው፤ ከተራራቁ ልመና ይመስላል። እነዚህን ነገሮች ማንም ነግሯት ሳይሆን ዓይን ቤት እየወደቀች እየተነሣች ነው የተማረቻቸው።

የየካቲቱ ሥራ «ሰብል ዋስ» ለሚባል ፋብሪካ ነበር። ፋብሪካው የሚያመርተው ጎተራ ውስጥ ተጥሎ ነቀዝ የሚፈጅ ክኒን ነው። በዚህ ዓይነት ዕቃ ላይ ድሮ የራስ ቅልና ሁለት አጥንት ይታተም ነበር። በ2051 የራስ ቅሉ እንደማንኛውም ምልክት ዓይን ቤት ገባና ከመቶ ሦስት አገኘ። ተሰረዘ። ከዚያ ወዲህ የነቀዝ መድኃኒት ምንም ምልክት በሌለው ቡናማ ብልቃጥ ሲሸጥ ቆይቶ ነው አቶ ድልነሳው ወደ ስንዱ ቢሮ የመጣው። አቶ ድልነሳው የፋብሪካው የገበያ ኃላፊ ነው፤ ድምፁን ከፍ አድርጎ የማያውቅ፣ ኮቱን ሳያወልቅ የሚቀመጥ ሰው።

«ገበሬው እየፈራን ነው» አላት። «ዕቃችን ከሰው ጋር አንድ ቤት ነው የሚያድረው። እንደ ቤተሰብ እንዲያየን እንፈልጋለን።»

ስንዱ ሁለት መዳፎች ጎን ለጎን ገጥመው አንዲት የስንዴ ፍሬ ሲይዙ ሣለች። መጀመሪያ የሣለችው አንድ መዳፍ ነበር። ሚዛን አጣባትና ሁለተኛውን ጨመረች። ያን ጊዜ ሥዕሉ በራሱ ቆመ፤ ልክ ለዘመናት እንደዚያው ሆኖ ሲጠብቃት የኖረ መሰላት።

አጠገቧ የምትሠራው ይርጋለም አንገቷን አስግጋ አየችው። «መዳፍ የመድኃኒት አይደለም እንዴ?»

«የመድኃኒቱ አንድ እጅ ነው» አለች ስንዱ። «የኔ ሁለት ነው። ደሞ ፍሬ አለበት።»

«እሱስ ልክ ነሽ» አለች ይርጋለምና ወደ ሥራዋ ተመለሰች።

ዓይን ቤት ዘጠና ሰባት ሰጠው። ከዚያ በፊት በየትኛውም ዘርፍ ዘጠና አምስትን ያለፈ ምልክት አልነበረም። መሥሪያ ቤቷ ኬክ አስቆረሰላት። በግንቦት ወር ሁለቱ መዳፎች በየሱቁ መደርደሪያ ላይ ተደረደሩ፤ ስንዱም ባየቻቸው ቁጥር ደስ ይላት ነበር።

መስከረም ላይ ከመቂ ስልክ ተደወለ። የእህቷ የጥሩወርቅ ባል ገመቹ ሞቷል።

ጥሩወርቅ ለስንዱ እህት ብቻ አይደለችም። እናታቸው ቶሎ ስለሞተች ስንዱን አዝላ ያሳደገቻት፣ ራሷ ከሦስተኛ ክፍል አቋርጣ ስንዱን ያስተማረቻት እሷ ናት። ገመቹን ያገባችው ስንዱ ኮሌጅ ከገባች በኋላ ነው። ሽንኩርት የሚያመርት፣ ሲስቅ ትከሻው የሚንቀጠቀጥ ገበሬ ነበር። ልጅ አልወለዱም። ስንዱ በየበዓሉ እነሱ ዘንድ ትሄዳለች፤ ገመቹም ሁልጊዜ «ይቺ ሥዕል እየሣለች የምትበላ ሴት መጣች» ይላታል።

ቀብሩ ላይ አልደረሰችም። ድንኳን ውስጥ ስትገባ ጥሩወርቅ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ፍራሽ ላይ ተቀምጣ ነበር። ተቃቅፈው አለቀሱ። ሰዉ ለምሳ ወጣ ወጣ ሲል ስንዱ በቀስታ ጠየቀቻት።

«እታለም፣ ምን አግኝቶት ነው?»

«ወባ ነዋ። አምና ይዞት የለ? ቅዳሜ ማታ አንቀጠቀጠው። እሑድ ጠዋት ሱቅ ሄጄ መድኃኒት ገዛሁለት።» ጥሩወርቅ አፍንጫዋን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገች። «ሁለት ሰጠሁት። ወዲያው ያስመልሰው ጀመር። ሆዴ ሆዴ አለ። ከሰዓት በኋላ ዘጠኝ ሰዓት ላይ አረፈ። መድኃኒቱ እኮ ጠንካራው ነው፤ ግን አልደረሰለትም።»

«ጠንካራው ማለት?»

«ሁለት እጅ ያለው ነዋ።»

ስንዱ ቀና ብላ አየቻት። እህቷ እንዳልገባት አስባ አስረዳቻት፤ «ሁለት ዓይነት አለ። አንድ እጅ ያለበትና ሁለት እጅ ያለበት። አንድ እጅ ያለውን አምና ሰጥቼው ቶሎ አላሻለውም። ለዚህ ነው ዘንድሮ ጠንከር ያለውን ላምጣለት ያልኩት።»

ስንዱ ተነሥታ ወደ ጓዳ ገባች። ብልቃጡ መደርደሪያው ላይ ከጨውና ከክብሪት አጠገብ ቆሟል። ክዳኑን ስትከፍት ነጭ ሽንኩርት የመሰለ ሽታ አፍንጫዋን መታት። መዳፎቹን አየቻቸው። የገዛ ልቧ ረገብ ሲል ተሰማት። ሥራው ነው፤ እንዲያ እንዲያደርግ ነው የተሣለው። ክዳኑን ገጥማ ብልቃጡን ቦርሳዋ ውስጥ ከትታ ወጣች።

ለእህቷ አልነገረቻትም። ነገ እነግራታለሁ አለች፤ በማግሥቱም ነገ አለች።

በሦስተኛው ቀን ወደ ጤና ጣቢያው ሄደች። ሲስተር በለጡ የምትባል፣ ፀጉሯን አጭር የተቆረጠች፣ ለአንድ ቀበሌ ሁሉ ብቻዋን የምትሠራ ነርስ አገኘች። ስንዱ ብልቃጡን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ የሆነውን ሁሉ ነገረቻት። በለጡ ጎንበስ ብላ ብልቃጡን አየችው።

«እኔ የዘንድሮ ወባ ፈጣን ነው እያልኩ ነበር» አለች። «ከሰኔ ወዲህ አሥራ አንድ ሰው ቀብረናል። ሁሉም ሲያስመልሳቸው ነው የሞቱት። እዚህ ለመጣ እኔ በመሣሪያ አይቼ ነው የምሰጠው። ሱቅ የሚሄደውን ግን ማን ያየዋል?» ቀና ብላ ስንዱን አየቻት። «ይሄንን ማን ነው የሣለው?»

«እኔ ነኝ።»

በለጡ ብልቃጡን በጓንት አነሣችና ቆልፋ አስቀመጠችው።

አዳማ እንደተመለሰች አቶ ድልነሳው ቢሮ ሄደች። እንደ ሁልጊዜው በጨዋነት ተቀበላት።

«ምልክቱ ይነሣ» አለችው። «ሰው እየሞተ ነው።»

«ወይዘሮ ስንዱ፣ ዕቃውን የሸጥነው ለነቀዝ ነው። ብሉት አላልንም።»

«መድኃኒት ይመስላል! እኔ ነኝ ያስመሰልኩት!»

«ምልክትዎ ባይሠራ ኖሮ እኔው ራሴ አነሣው ነበር። የሚሠራውን ምልክት ምን ብዬ ላንሣ? ስብሰባ ላይ ምን ልበል? ሰው አምኖናል፣ ስለዚህ እንተወው ልበል?» ከዚያ ድምፁን ይበልጥ ዝቅ አደረገና፣ ከልቡም ይመስላል፣ እንዲህ አላት፤ «እኔም ክፉ ሰው አይደለሁም። ማስጠንቀቂያ ያምጡልኝ። የጸደቀ ማስጠንቀቂያ ካመጡ ነገውኑ በየብልቃጡ ላይ አሳትመዋለሁ። ግን የታለ?»

እሷ የምታውቃቸው ከአራት ሺህ በላይ ምልክቶች አሉ። አንዱም «ተጠንቀቅ» አይልም።

የምልክት ምዝገባ ቢሮ ስትደርስ መስኮቱ ላይ ያገኘቻት ወይዘሮ ምንትዋብ ናት፤ ለዓመታት የምታውቃት፣ ማመልከቻዎቿን ሁሉ የመዘገበችላት ሴት።

«የየትኛው ዘርፍ ነው?» አለች ምንትዋብ።

«የማንም ዘርፍ አይደለም። አደጋ አለ የሚል ነው።»

«ዘርፍ ካልተሞላ ፎርሙ አያሳልፈኝም።»

«አደጋ እኮ ዘርፍ አይደለም፣ ወይዘሮ ምንትዋብ።»

«እኮ። ዘርፍ ካልሆነ ምልክት ምን ያደርግለታል?» አለች ምንትዋብ፤ ስታሾፍ አልነበረም። ፊቷ ላይ እውነተኛ ግራ መጋባት ይነበባል። ፎርሙን ብዙ ካገላበጠች በኋላ «ልዩ ልዩ» የሚል ቦታ አገኘችና እዚያ መዘገበችላት።

ስንዱ ጥቅምትን ሙሉ ሣለች። የመጀመሪያው የተሰበረ ጥቁር ጣት ነበር፤ ዓይን ቤት አምስት ሰጠው። ሁለተኛው የተከፈተ አፍ ነበር፤ አራት። ሦስተኛው ላይ አንዲት አሮጊት ወንበሯ ላይ ስለጮኸች ፈተናው ተቋረጠ፤ ስንዱም ማስጠንቀቂያ ተሰጣት። ያቺ አሮጊት በጮኸችበት ቅጽበት ግን ስንዱ ከወር በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ተስፋ ተሰምቷት ነበር። የሚያስጮኸው ምልክት ነው የሚያስፈልገው። የሚያስጮኸው ምልክት ነው የማያልፈው።

ከዚያ ማለስለስ ጀመረች። ጥቁሩን ቡናማ አደረገችው፤ ቡናማውን ቀይ፤ ቀዩን ብርቱካን። ስለታሙን ጠርዝ አዶለዶመችው። ሠላሳ አንድ አገኘ፤ አርባ ስምንት አገኘ፤ ስድሳ አንድ አገኘ። አሥራ አራተኛው ሰማንያ ሁለት አገኘና ማኅተም ተመታበት። ከዓይን ቤት ስትወጣ በር ላይ ለቆመችው የጽዳት ሠራተኛ አሳየቻት።

«እስቲ ይሄ ምን ይመስልሻል?»

ሴትዮዋ ፈገግ አለች። «የማር ነው አይደል? አበባውን ሳየው ጣመኝ።»

ስንዱ ወረቀቱን አጥፋ ኪሷ ከተተችው። ለአቶ ድልነሳው አልወሰደችለትም።

ፊደልም ሞክራለች። «መርዝ ነው፤ አትዋጡት» ብላ በሰፋፊ ወረቀት ላይ በእጇ ጽፋ መቂና አካባቢዋ ባሉ ሱቆች ሁሉ ለጠፈች። አንድ ባለሱቅ ቀልጠፍ ብሎ ቀጥ አድርጎ አቃናላትና፣ «የማን ምልክት ነው? አዲስ ሳሙና ነው?» አላት። በማግሥቱ የከተማው ጽዳት ክፍል ያልተመዘገበ ምልክት ብሎ ሁሉንም ልጦ ወሰደው።

ኅዳር በገባ በሁለተኛው ሳምንት፣ በገበያ ቀን፣ ስንዱ መቂ ገበያ መሐል አንዲት ቀይ ዶሮ በሳጥን ይዛ ቆመች። ሥራዋን ከለቀቀች ሳምንቷ ነው። ከሳጥኑ ፊት የሁለቱን መዳፎች ብልቃጥ አስቀመጠች። ድምፅ ማጉያ አልነበራትም፤ ጮኸች።

«ይሄ መድኃኒት አይደለም! የነቀዝ ነው! ሰው ይገድላል!»

ሰዎች ቆም ቆም አሉ። ብልቃጡን ያያሉ፤ እሷን ያያሉ። ከሁለቱ የሚያስፈራው የሷ ፊት ነበር። አንዲት የቲማቲም ነጋዴ፣ «ምን ሆናለች? ታማ ነው?» አለች። አንድ ሽማግሌ ብልቃጡን አንሥተው አገላበጡና፣ «ልጄ፣ እንዲህ ደስ የሚል ነገር ምን ክፋት አለው?» ብለው በአክብሮት መልሰው አስቀመጡት።

ስንዱ ክኒኑን ሰባብራ በረጠበ ዱቄት ለወሰችና ለዶሮዋ ሰጠቻት። ዶሮዋ ለቀመችው። ምንም አልሆነም። ሰዉ ሳቀ። አንዳንዱ ሄደ፤ አንዳንዱ መጨረሻውን ለማየት ቆየ። ስንዱ ስለ አሥራ አንዱ ሟቾች ተናገረች። ሲስተር በለጡ የሰጠቻትን ስሞች አንድ በአንድ ጠራች። የገመቹን ስም መጨረሻ ላይ ጠራች።

«ይሄንን የሣልኩት እኔ ነኝ» አለች። «በእጄ የሣልኩት እኔ ነኝ። እህቴ ደግሞ በእጇ…»

ያን ጊዜ ነው ጥሩወርቅን ያየቻት። ከሕዝቡ ኋላ፣ ጥቁር ለብሳ፣ የሽንኩርት ዘንቢሏን ይዛ ቆማለች። ፊቷ ላይ ምንም አይነበብም። ዶሮዋ ሳጥኑ ውስጥ አንገቷን ዘረጋች፤ ክንፎቿን ሁለት ጊዜ አራገበችና ወደቀች። ሰዉ በአንድ ጊዜ ወደ ኋላ ሸሸ። ስንዱ እህቷን ለመድረስ ሰዉን እየገፋች ስትሮጥ ዘንቢሉን መሬት ላይ አገኘችው። ጥሩወርቅ ሄዳለች።

ቤቷ ድረስ ተከትላት ሄደች። በሩ ተዘግቷል።

«እታለም!»

«ሁለት ወር» አለች ጥሩወርቅ ከውስጥ። ድምፅዋ ከበሩ አጠገብ ነው የመጣው። «ሁለት ወር ሙሉ እየተመላለስሽ ከኔ ጋር ስትበይ፣ አጠገቤ ስትተኚ ከረምሽ። ባሌን በእጄ እንደገደልኩ ከዶሮ ጋር ነው የምሰማው? ለገበያ ነው የምትነግሪው?»

ስንዱ እስኪመሽ ደጃፉ ላይ ተቀመጠች። በሩ አልተከፈተም።

የዶሮዋ ወሬ ከስንዱ ቀድሞ ሄደ። በሳምንት ውስጥ መቂ፣ በሁለት ሳምንት ውስጥ አካባቢው ሁሉ ሰማ። ሰዎች ብልቃጦቹን እያወጡ ጉድጓድ ውስጥ ቀበሩ። በሁለቱ መዳፎች የሞተ ሰው ዳግም አልተሰማም። ስንዱ ይህንን ስትሰማ ጤና ጣቢያው አጠገብ በተከራየችው ክፍል ውስጥ ተንበርክካ አለቀሰች። ሦስት ቀን ደህና እንቅልፍ ተኛች።

በአራተኛው ቀን በለጡ በሯን አንኳኳች። እጇ ላይ ያልተከፈቱ የወባ መድኃኒት ብልቃጦች አሉ፤ ነጭ፣ አንድ መዳፍ ያለባቸው።

«መልሰው እያመጡልኝ ነው» አለች። «ደጃፌ ላይ ጥለውት ይሄዳሉ። መዳፍ ይገድላል ይላሉ። ትናንት አንዲት ነፍሰ ጡር ትኩሳቷ አርባ ሆኖ አልውጥም አለችኝ። ምያለሁ፣ ለምኛለሁ። ዛሬ ጠዋት ሞተች።»

ስንዱ አልጋው ላይ ተቀመጠች። «አንድ ነው እኮ…» አለች፤ «ያኛው ሁለት ነው…»

«እንዲያ ብለሽ ንገሪያቸዋ» አለች በለጡ። ቁጣ አልነበረባትም፤ ደክሟታል።

ስንዱ የምልክት ምዝገባ ቢሮውን ጠየቀች፤ ቢሮው የመድኃኒትን ምልክት መቀየር ሁለት ዓመት እንደሚፈጅ በደብዳቤ አሳወቀ። ደብዳቤው ሥዕል ነበር፤ ሁለት ፀሐዮችና የሚያርፍ ሰው።

ስለዚህ ስንዱ የሚቀረውን አደረገች። በለጡን ተከትላ የታመመ ሰው ቤት ገባች፤ ታማሚው እያያት ብልቃጡን ከፈተች፤ አንድ ክኒን አወጣችና ራሷ ዋጠች። ከዚያ ተቀመጠች። የቤቱ ሰዎች ዶሮዋን እንዳዩዋት አዩዋት። አንድ ሰዓት፣ አንዳንዴ ሁለት ሰዓት። እንዳልሞተች ሲያዩ አንዱ ተነሥቶ ውኃ ያመጣል፤ ታማሚውም ይውጣል። በመጀመሪያው ቀን አምስት ቤት ገባች። በሁለተኛው ቀን ስድስት። በሦስተኛው ቀን ጆሮዋ ይጮህ፣ ልቧ ያለ ቅጡ ይዘል ጀመር። መንገድ ላይ ወደቀች።

በለጡ በመሣሪያዋ አይታት ፊቷን አጠቆረች። «ይሄ ለጤነኛ ሰው እንዲህ አይወሰድም። ልብሽን ያቆመዋል። ከእንግዲህ በቀን ከአንድ ቤት በላይ አልፈቅድልሽም። ድርሻሽን እኔ ልዋጥልሽ እንዳልልሽ እኔም መዋጥ ጀምሬያለሁ።»

«ስንት ቤት አለ?»

«ዛሬ ዘጠኝ።»

ከዚያ ወዲህ ጠዋት ጠዋት ሁለቱ ሴቶች ጠረጴዛ ላይ ተቀምጠው የትኛው ቤት እንደሚገባ ይመርጣሉ። ይህ ሥራቸው ሆነ። መጀመሪያ ሕፃናት፣ ቀጥሎ ነፍሰ ጡሮች፤ ብቻቸውን የሚኖሩ ሽማግሌዎች መጨረሻ። ስለዚህ ነገር ብዙ አያወሩም። አንዷ ስም ትጠራለች፤ ሌላዋ ራሷን ትነቀንቃለች ወይም ዝም ትላለች። የተመረጠው ቤት ይድናል፤ ያልተመረጠው ቤት አንዳንዴ ይድናል።

ታኅሣሥ አሥራ ሁለት ጠዋት በለጡ ስም ስትጠራ ሦስተኛው ላይ ቆመች። «ጥሩወርቅ አበጋዝ። ጎረቤቶቿ ናቸው የነገሩኝ። ሁለተኛ ቀኗ ነው።»

በዚያ ቀን ዝርዝሩ ላይ ሁለት ሕፃናት ነበሩ። ስንዱ ወለሉን አየች። በለጡ ብልቃጦቹን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችና ተነሣች።

«አንደኛውን ሕፃን እኔ እይዛለሁ» አለች። «ሁለተኛውን እናቱን ለምኜ አያለሁ። አንቺ ሂጂ።»

የጥሩወርቅ በር አልተቆለፈም። ጥሩወርቅ ግድግዳውን ተደግፋ፣ ጋቢ ደርባ ፍራሽ ላይ ተቀምጣለች። ከንፈሯ ተሰነጣጥቋል፤ ጥርሷ ይንቀጫቀጫል። ስንዱን አየቻት፤ ውጪ አላለቻትም።

ስንዱ ሌላ ቤት እንደምታደርገው አደረገች። ብልቃጡን ከፈተች፤ ክኒኑን አሳየቻትና ዋጠች። ከዚያ ሁለተኛ ክኒን አውጥታ መዳፏ ላይ ዘረጋችላት።

ጥሩወርቅ አልተቀበለቻትም። «ስንት ሰዓት ነው?»

«ሦስት ሰዓት።»

«ገመቹ ስድስት ሰዓት ነው የፈጀበት። ቁጭ በይ።»

ስንዱ በሩ አጠገብ ዱካ ላይ ተቀመጠች። ትኩሳቱ ከፍ ሲል ጥሩወርቅ ታቃስታለች። ስንዱ ጋቢውን ልታስተካክልላት ስትነሣ፣ «እዚያው ሁኚ» አለቻት። ጎረቤት ውኃ አምጥታ አስቀምጣ ወጣች። ስድስት ሰዓት ሆነ፤ ሰባት ሆነ። የስንዱ ጆሮ መጮህ ጀመረ፤ ልቧ እየዘለለ ይመለሳል። ከአሁን አሁን እወድቃለሁ ብላ ፈራች፤ የፈራችው ሞቱን አይደለም፤ እዚህ ብትወድቅ እህቷ መቼም አትውጠውም።

ጥሩወርቅ ዓይኗን እንደጨፈነች ተናገረች። «ለምንድነው ሁለት እጅ ያደረግሽው?»

ስንዱ ብዙ ነገር ልትል ትችል ነበር። ስለ ዘርፎች፣ ስለ ዓይን ቤት፣ ስለ አቶ ድልነሳው።

«አንድ ብቻ ሲሆን ሚዛን አጣብኝ» አለች። «ጎዶሎ መሰለኝ።»

«ለሚዛን?»

«ለሚዛን።»

ጥሩወርቅ ዓይኗን ገለጠችና አየቻት። ከዚያ መልሳ ጨፈነችው። እንባዋ በጉንጯ ወረደ፤ አልጠረገችውም።

ዘጠኝ ሰዓት ሆነ፤ ስንዱ አልሞተችም። ጥሩወርቅ እጇን ከጋቢው ውስጥ አወጣችና ዘረጋች። ስንዱ ክኒኑን ሰጠቻት፤ ብርጭቆውንም ያዘችላት። ጥሩወርቅ ዋጠችው፤ ውኃው አገጯ ላይ ፈሰሰ።

«ስንት ቀን ነው የሚወሰደው?»

«ሦስት ቀን።»

ጥሩወርቅ ወደ ግድግዳው ዞራ ተኛች። ስንዱ ብልቃጡን ከድና ተነሣች፤ የበሩን መቃን ይዛ ቆመች።

«ነገም ነይ» አለች ጥሩወርቅ፣ ፊቷን ሳታዞር። «ነገም ቀድመሽ የምትውጪው አንቺ ነሽ። ስድስት ሰዓትም ትቀመጪያለሽ።»

«እሺ እታለም።»

«ይቅር ብዬሽ አይደለም።»

«አውቃለሁ» አለች ስንዱ።

ወደ ጤና ጣቢያው ስትመለስ በለጡ ደጃፍ ላይ ተቀምጣ ነበር። ስለ ሁለተኛው ሕፃን ስንዱ አልጠየቀችም፤ በለጡም አልነገረቻትም። በማግሥቱ ልክ ሦስት ሰዓት ላይ ስንዱ የእህቷን በር አንኳኳች።